የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቢሮአችን ኢሜይሎች ከያሁ የት ሄዱ?

ጥያቄ፦ ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ በሚገኝ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ቢሮአችን ለብዙ ዓመታት የሚጠቀመው በአንድ የያሁ አድራሻ ሲሆን፣ ጅቡቲ ካሉ የመርከብ ወኪሎችና ከአስመጪ ደንበኞቻችን የሚላኩልን ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ኢንቮይስና ፓኪንግ ሊስት የሚባሉት የጭነት ሰነዶች የሚደርሱን በዚሁ አድራሻ ነው። ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ የቆመበት ደንበኛ እየደወለ፣ ኢንተርኔት በመቋረጡ ብቻ ሰነዱን ከፍተን ማየት ያልቻልንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም በጸሐፊያችን ኮምፒውተር ላይ ጫነልን። በእርሷ ኮምፒውተር ሁሉም ደብዳቤ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ሆኖም እኔ በስልኬ፣ የሥራ ባልደረባዬም በላፕቶፑ ያሁን ስንከፍት የሚታየን የሰሞኑ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ የቆየው በሙሉ የለም። አካውንታችን ተጠልፎ ይሆን? ፕሮግራሙንስ እናጥፋው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመን የምንለምንዎ ፕሮግራሙን እንዳያጠፉት ነው። የነገሩን ምልክት የጠለፋ አይመስልም፤ ደብዳቤዎቹም አልጠፉም። ከያሁ ሰርቨር፣ ማለትም ደብዳቤ ከሚያከማቸው የያሁ ኮምፒውተር ላይ ተነሥተው በጸሐፊያችሁ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ቀርተዋል። አሳሳቢውም ይኸው ነው፤ ያ ኮምፒውተር ዛሬ ቢበላሽ ወይም ቢሰረቅ ያን ጊዜ በእርግጥ ይጠፋሉ።

አንድ የኢሜይል ፕሮግራም ከያሁ፣ ከጂሜይል ወይም ከሌላ ነፃ አገልግሎት ደብዳቤ የሚያመጣባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ፖፕ ይባላል። ፖፕ የተነደፈው አንድ ሰው በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ይጠቀም በነበረበት፣ የሰርቨር ቦታም ውድ በነበረበት ዘመን ስለሆነ፣ አሠራሩ ፖስታ ቤት ሄዶ ከፖስታ ሳጥን ደብዳቤ አውጥቶ ወደ ቤት እንደመውሰድ ነው፤ የሳጥኑ ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው በኋላ ቢመጣ ባዶውን ያገኘዋል። ሁለተኛው አይማፕ ነው። በአይማፕ ዋናው ደብዳቤ ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ የጸሐፊዋ ኮምፒውተር፣ የእርስዎ ስልክና የባልደረባዎ ላፕቶፕ ሁሉም የእርሱን ግልባጭ ይይዛሉ። አንዱ ያነበበው ለሌላውም እንደተነበበ ሆኖ ይታያል፤ አንዱ የላከውን መልስ ሌላው ያየዋል።

የእናንተ ፕሮግራም የተሞላው በፖፕ እንደሆነ የሚያሳየን «የሰሞኑ ብቻ ይታያል» ማለትዎ ነው። ተንደርበርድ በፖፕ ሲሠራ ደብዳቤውን ከሰርቨር ወዲያው አያነሣም። «አካውንት ሴቲንግስ» ውስጥ ገብተው «ሰርቨር ሴቲንግስ» የሚለውን ሲከፍቱ፣ ደብዳቤው ሰርቨር ላይ እንዲቆይ የሚያደርገውን «ሊቭ ሜሴጅስ ኦን ሰርቨር» የሚል ምርጫ፣ ከሥሩም የቀን ገደብ ያገኛሉ። ይህ ገደብ ባለሙያው ካልቀየረው በቀር አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ነው። እንግዲህ አንድ ደብዳቤ ወደ ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ከገባ ሁለት ሳምንት ሲሞላው ከያሁ ላይ ይሰረዛል፤ በስልክም በላፕቶፕም ከዚያ በኋላ አይገኝም። ማንም ሰው ምንም ስሕተት ሳይሠራ፣ ፕሮግራሙ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያነሣ የቆየውን ሁሉ አጽድቶታል ማለት ነው።

ባለሙያው ፖፕን የመረጠበት ምክንያት ይገባናል። ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ የግድ ፖፕ ያስፈልጋል የሚል እምነት በብዙ የኮምፒውተር ቤቶች አለ፤ ነገር ግን ልክ አይደለም። ተንደርበርድ በአይማፕም ቢሆን የደብዳቤዎቹን ሙሉ ግልባጭ ከነአባሪ ፋይላቸው ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል፤ እንዲያውም ካልከለከሉት በስተቀር ይህን የሚያደርገው ሳይጠየቅ ነው። ከአንድ ሰው በላይ የሚጠቀምበት የቢሮ አድራሻ በፖፕ መሞላት የለበትም ብለን በጽኑ እናምናለን።

ማስተካከሉ ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጀመሪያ የ14 ቀኑን ገደብ ምልክት ያንሡት፤ ደብዳቤው ሰርቨር ላይ ይቆይ የሚለውን ግን እንዳለ ይተዉት፤ ይህ መጥፋቱን በዚያው ቀን ያቆመዋል። ቀጥሎ ፕሮግራሙን ዘግተው፣ ተንደርበርድ ደብዳቤዎቹን የሚያስቀምጥበትን ፕሮፋይል የሚባለውን ፎልደር በሙሉ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ መገልበጥ ጎደሎ ቅጂ ሊሰጥዎ ይችላል። ከዚያ ያንኑ የያሁ አድራሻ እንደ አዲስ አካውንት ያስገቡና፣ ምርጫ ሲቀርብልዎ አይማፕን ይያዙ። የያሁን ሰርቨር ፕሮግራሙ ራሱ ያውቀዋል፤ በእጅ መሙላት ካስፈለገ የአይማፕ ፖርት (የግንኙነት በር ቁጥር) 993፣ የመላኪያው 465 ሲሆን ሁለቱም ኤስኤስኤል በሚባለው የምስጢር ማስተላለፊያ ዘዴ የተጠበቁ ናቸው።

አሁን በግራ በኩል አሮጌውና አዲሱ አካውንት አንዱ ከሌላው በታች ተደርድረው ይታያሉ። በአሮጌው ኢንቦክስ ውስጥ ያሉትን ደብዳቤዎች እየመረጡ «ኮፒ ቱ» በሚለው ትእዛዝ በአዲሱ አካውንት ሥር ወደከፈቱት ፎልደር ሲገለብጧቸው ተመልሰው ወደ ያሁ ሰርቨር ይጫናሉ፤ ከዚያም በእርስዎ ስልክ ላይ ይታያሉ። «ሙቭ» ሳይሆን «ኮፒ» ይሁን፤ ኢንተርኔቱ በመካከል ቢቋረጥ ዋናው በቦታው ይኖራል። ሁሉን በአንድ ጊዜ ከመሞከር በወር በወር እየከፈሉ፣ ለምሳሌ የአንድ ወር ደብዳቤ ጭነው በስልክ ካረጋገጡ በኋላ ወደሚቀጥለው ማለፍ ይሻላል። ጸሐፊዋ የላከቻቸውም በ«ሴንት» ፎልደር ውስጥ ስላሉ አይርሷቸው። ሁሉም መመለሱን ሳያዩ አሮጌውን አካውንት ከፕሮግራሙ አያውጡ፤ ሲያወጡም መልእክቶቹን አብሮ ይሰርዝ እንደሆነ የሚጠይቀውን ሳጥን ሳያነቡ «እሺ» አይበሉ።

ኢንተርኔታችሁ በሞባይል ዳታ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አዲሱ አካውንት እንደተከፈተ ፕሮግራሙ ሰርቨሩ ላይ የሚያገኘውን ደብዳቤ ሁሉ ማውረድ ይጀምራልና ጥቅሉን በአንድ ከሰዓት ሊጨርሰው ይችላል። «ሲንክሮናይዜሽን ኤንድ ስቶሬጅ» በሚለው ክፍል ውስጥ የቅርብ ጊዜ ደብዳቤዎችን ብቻ እንዲያወርድ ማዘዝ ይቻላል፤ ለትራንዚት ሥራ የሦስት ወር ያህል በቂ ይመስለናል። በዚያው ገጽ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ደብዳቤ አታውርድ የሚል ምርጫ አለ፤ ይህን ግን እናንተ አትንኩት፤ ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜ የምትፈልጉት ሰነድ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ፋይል ነውና። ይልቅ ዳታ የምትቆጥቡት ስካን ስታደርጉ ነው። ፋይል ከኢሜይል ጋር ሲላክ ወደ ጽሑፍ ምልክቶች ስለሚቀየር መጠኑ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይጨምራል፤ 10 ሜጋባይት የነበረው ስካን ከ13 ሜጋባይት በላይ ሆኖ ይጓዛል። ማኅተሙ በቀለም መታየት ከሌለበት በጥቁርና ነጭ ስካን ማድረግ ብዙ ያተርፋል።

አይማፕም የራሱ ጣጣ አለው። አንዳችሁ የሰረዘው ደብዳቤ ከሁላችሁም ዘንድ ይሰረዛል፤ ስለዚህ አይማፕን እንደ መጠባበቂያ ቅጂ መቁጠር አይገባም። ጉዳዩ ያለቀ ጭነት ሰነዶችን ተንደርበርድ «ሎካል ፎልደርስ» ብሎ ወደሚጠራው ቦታ ግልባጭ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ያ ፎልደር ከሰርቨሩ ጋር ግንኙነት የለውም። መብራት ድንገት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ከተዘጋ በኋላ የአንድ ፎልደር ዝርዝር ባዶ ወይም የተዛባ ሆኖ ቢገኝም አትደንግጡ፤ ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ ከፍታችሁ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሪፔር ፎልደር» የሚለውን ስትጫኑ ዝርዝሩ እንደገና ይሠራል። ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት የጻፋችሁትን መልስም «ሴንድ ሌተር» ብትሉት «አውትቦክስ» ውስጥ ይቆይና ግንኙነቱ ሲመለስ ትልኩታላችሁ።

የመጨረሻው ጉዳይ የይለፍ ቃሉ ነው። ፕሮግራሙን የጫነላችሁ ሰው የያሁን ፓስወርድ ተቀብሎ ሞልቶት ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት። ሰውየውን ለመጠርጠር አይደለም፤ የደንበኞቻችሁ የንግድ ሰነድ ያለበት አድራሻ ቁልፍ ከቢሮው ሰዎች ውጭ ማንም እጅ መኖር የለበትም። ያሁ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የሚሆን ራሱን የቻለ የይለፍ ቃል ያመነጫል። በአካውንቱ የደኅንነት ገጽ ላይ ገብታችሁ ለጸሐፊዋ ኮምፒውተር አንድ፣ ለላፕቶፑ ሌላ ብታወጡ፣ ከሁለቱ አንዱ ቢሰረቅ የእርሱን ብቻ ትሰርዛላችሁ፤ የሌላው ሥራ አይቋረጥም።

ጥያቄ፦ በአዳማ የምኖር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በአሮጌ ላፕቶፔ ላይ ባለው አውትሉክ 2010 በሚባል የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም የሆትሜይል አድራሻዬን ለዓመታት ስጠቀም ኖሬ፣ አሁን ፓስወርዴን አልቀበልም ይለኛል። ፓስወርዱን ደጋግሜ ቀየርኩ፤ በብሮውዘር ይገባል፣ በፕሮግራሙ ግን እንቢ ይላል። ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የላፕቶፑ?

መልስ፦ የእርስዎም የላፕቶፑም ጥፋት አይደለም፤ ፓስወርዱንም መቀየር ያቁሙ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 16 ቀን 2024 ጀምሮ የግል የሆትሜይልና የአውትሉክ አድራሻዎች በስምና በይለፍ ቃል ብቻ ከሌላ ፕሮግራም እንዳይከፈቱ አድርጓል። ጉግልም በጂሜይል ላይ ተመሳሳይ እርምጃ የወሰደው እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 2022 ነው። አዲሱ አሠራር ፕሮግራሙ የአገልግሎቱን መግቢያ ገጽ ከፍቶ እርስዎ እዚያ እንዲገቡ ማድረግ ነው፤ ለፕሮግራሙ የሚሰጠው ፈቃድ እንጂ የይለፍ ቃልዎ አይደለም። አውትሉክ 2010 ከዚህ አሠራር በፊት የተሠራ ስለሆነ ሊያደርገው አይችልም።

ማስተርስ ተማሪ ለጽሑፉ ሲል የቆዩ ደብዳቤዎቹን እንደሚፈልግ እናውቃለንና፣ በአሮጌው ፕሮግራም ውስጥ ያለው፣ ደብዳቤዎቹ የተከማቹበት የፒኤስቲ ፋይል እንዳይጠፋ አስቀድመው ወደ ፍላሽ ይገልብጡት። ከዚያ ተንደርበርድን ጭነው አድራሻዎን በአይማፕ ያስገቡ፤ የማይክሮሶፍት መግቢያ ገጽ ሲከፈት በዚያው ይግቡ። ገጹ ተከፍቶ ባዶ ሆኖ ከቀረ በተንደርበርድ ሴቲንግ ውስጥ ኩኪስ (ድረ ገጾች ኮምፒውተሩ ላይ የሚያስቀምጧቸው ትናንሽ መረጃዎች) መፈቀዱን ያረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እርሱ ነው። ጂሜይል ካለዎትም በተመሳሳይ መንገድ ይገባል። የጂሜይልን የመግቢያ ገጽ መክፈት የማይችል ፕሮግራም የግድ መጠቀም ካለብዎ፣ በአካውንቱ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካበሩ በኋላ ጉግል የሚሰጥዎትን ባለ16 ፊደል የይለፍ ቃል መጠቀም ይችላሉ።

በምትኩ ከአዲስ ዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን አዲሱን አውትሉክ ለመጠቀም ካሰቡ፣ ያ ፕሮግራም የጂሜይልንና የያሁን ደብዳቤዎች ሲያስገቡበት ግልባጩን ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨሮች እንደሚወስድ አውቀው ይወስኑ። ተንደርበርድ ደብዳቤውን የሚያመጣው ከአገልግሎቱ ሰርቨር በቀጥታ ወደ ላፕቶፕዎ ስለሆነ እኛ ለእርስዎ የምንመርጠው እርሱን ነው፤ ነፃም ነው።