የቤንዚን ውሃ ፓምፕ ስትተክሉ፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ውሎዬ ዝዋይና መቂ አካባቢ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በሚያጠጡ ሰዎች ማሳ ላይ ነው። ፓምፕ እተክላለሁ፣ የተበላሸም እጠግናለሁ። «ስለ መስኖ ፓምፕ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጎረፈ። ሳልመልሰው ባድር እንቅልፍ የማይወስደኝን ላስቀድም።

ጥያቄ፦ ከመሬት እስከ ውሃው 11 ሜትር የሆነ የእጅ ጉድጓድ አለኝ። ባለ 3 ኢንች ፓምፕ ገዝቼ አልስብ አለኝ። ጎረቤቴ እርከን ቆፍሮ 5 ሜትር ታች አውርዶ ይሠራበታል። እኔም ላውርደው?

መልስ፦ አታውርደው ወንድሜ። ጎረቤትህም ፓምፑን እንዲያወጣ ዛሬውኑ ሄደህ ንገረው።

መጀመሪያ ለምን እንዳልሳበ ልንገርህ። ፓምፕ ውሃ አይጎትትም። የሚያደርገው ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማስወጣት ነው፤ ውሃውን ገፍቶ የሚያወጣው የውጭው አየር ክብደት ነው። ይህ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያነሳል። ዝዋይ ወደ 1,640 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ 8 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በቱቦውና በፓምፑ የሚባክነው ሲቀነስ፣ እኔ የምተማመንበት 5፣ ቢበዛ 6 ሜትር ነው። ካርቶኑ ላይ «8 ሜትር» ካለ ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ ነው። (የጣናዋን ባሕር ዳር ማለቴ አይደለም፤ እሷም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት።)

አሁን ወደ ጭሱ። የቤንዚን ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ አያስል። ጉድጓድ ውስጥ መውጫ ስለሌለው ይጠራቀማል። ሰውየው ቤንዚን ልጨምር ብሎ ይወርዳል። ራሱን ይከብደዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ መሰላሉን መያዝ ያቅተዋል። ወንድሙ ላውጣው ብሎ ይወርዳል፣ እሱም እዚያው ይቀራል። ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ሬሳ የሚወጣው እንዲህ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ጋዙ ቶሎ አይወጣም። ሰው ወድቆ ካያችሁ ገመድ ታስሮ ከሆነ ከላይ ሳቡት። ካልታሰረ ግን ለእርዳታ ሰው ጥሩ፣ የራሱ መተንፈሻ ያለው አዳኝ ፈልጉ፤ ማንም ግን እንዲሁ አይውረድ።

ላንተ የሚሆንህ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ይወርዳል፤ ጄኔሬተሩ ወይም ሶላሩ ላይ ይቀራል። ጄኔሬተሩንም ከጉድጓዱ አፍ አርቀው፣ ነፋሱ ጭሱን ከጉድጓዱ በሚያሸሽበት በኩል።

ጥያቄ፦ ጉድጓዱ ከመግባታችን በፊት ሻማ ለኩሰን እናወርዳለን። ካልጠፋ ችግር የለም አይደል?

መልስ፦ አለ እንጂ። ሻማ የሚያሳየው የኦክስጅን ማነስን ብቻ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አንድ በመቶ ሳይሞላ ሰው ይገድላል፤ ሻማው ግን እያበራ ይቆያል። ታች ቤንዚን ፈስሶ ከሆነ ደግሞ እሳት ይዛችሁ መውረዳችሁ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል።

ጥያቄ፦ ሌባ አስቸገረን። ፓምፑን በቆርቆሮ ቤት ብናስገባውና ዘበኛው አብሮት ቢያድርስ?

መልስ፦ እንዲህ የሚያደርጉ አይቻለሁ። ሌሊት ፓምፑ እየሠራ ዘበኛው አጠገቡ ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷል። ብርድ ነውና በሩን ዘግቷል። ቀስቅሼ አስወጣሁት፤ «ራሴን ትንሽ አሞኛል» አለኝ።

ቤቱ ለፓምፑ ይሁን፣ ዘበኛው ሌላ ጎጆ ይሠራለት። ፓምፑ የሚሠራው ውጭ ነው፤ ሲያበቃና ሲቀዘቅዝ ታስገባላችሁ። ማርሚታው (የጭስ መውጫው) ጭድ ወይም ግድግዳ አይጠጋ፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ።

ጥያቄ፦ (ከፎገራ) ወንዝ ዳር ተዳፋት ላይ ነው የማስቀምጠው። እየተንቀጠቀጠ ይንሸራተታል።

መልስ፦ አፈሩን ቆርጠህ ደልድል፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጣውላ ላይ በብሎን እሰረው። መንሸራተቱ ብቻ አይደለም ችግሩ። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ20 ዲግሪ በላይ ካዘነበሉ ዘይቱ በትክክል አይደርሳቸውም። 6.5 የፈረስ ጉልበት የሚባለው ሞተር የሚይዘው ዘይት 0.6 ሊትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ላይ ግማሹ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ አስበው። ደግሞ በእናንተ ከፍታ ከሞተሩ ጉልበት አንድ አምስተኛው ገደማ ስለሚቀንስ ትርፍ ጭነት አትጣልበት።

ጥያቄ፦ አዲስ ፓምፕ ነው። አስነስቼው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሞተሩ ደርቆ ቀጥ አለ።

መልስ፦ ዘይት ጨምረህበት ነበር? ብዙ ጊዜ ከካርቶን ሲወጣ ባዶ ነው። የፓምፑን ሆድም ሳታስነሳ በፊት በውሃ ሙላው፤ ደረቁን ከዞረ ሲል የሚባለው የውሃ ማሸጊያው ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ ቤንዚን ሳላጠፋ ብጨምር ምን አለበት? ሽንኩርቱ ውሃ እንዳይቋረጥበት ነው።

መልስ፦ ሽንኩርት ሩብ ሰዓት ይታገሳል። አጥፋ፣ ማርሚታው ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ጨምር። ቤንዚኑን በሃይላንድ አታስቀምጠው፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

ጥያቄ፦ የእኛ ናፍጣ ነው፣ በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) የሚዞር ትልቅ ፓምፕ። መከለያው ጠፍቷል።

መልስ፦ ከቆርቆሮና ከሽቦ ወንፊት አሠሩለት፣ እስኪሠራ ድረስ አታስነሱት። ነጠላና ጋቢ ጫፉ ብቻ ከነካ በቂ ነው፤ ቺንጋው ጠቅልሎ ሰውየውን ይዞት ይሄዳል። እናቶችም ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ይሰሩ፣ ባይጠጉ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ውሃው 4 ሜትር ላይ ነው፣ ግን ይስብና ያቋርጣል።

መልስ፦ አየር እየገባ ነው። የመምጠጫ ቱቦው ቀዳዳ ውሃ አያንጠባጥብም፣ አየር ነው የሚስበው፤ ስለዚህ በዓይን አይታይም። እየሠራ ሳለ መጋጠሚያዎቹን በየተራ እርጥብ ጭቃ ለጥፍባቸው። የትኛው ላይ ስትለጥፍ ውሃው ከተስተካከለ እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ጋ ግማሽ ቀን ለፍተን ያገኘነው መጋጠሚያው ላይ የተጣጠፈች ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ነበረች።