ኮሮና ሲይዝ የግፊት ኪኒን ይቁም?

ጥያቄ፦ እናቴ 64 ዓመቷ ነው፤ ለደም ግፊቷ በቀን ኢናላፕሪል 10 ሚሊግራም ትወስዳለች። አሁን ኮሮና ይዟታል። ጎረቤት «መድኃኒቱ ለቫይረሱ በር ይከፍታል» ብሎ አስደነገጠን። ታቁም?

መልስ፦ በራሳችሁ ውሳኔ እንዳታስቆሟት። ወሬው መነሻ አለው። ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባው ኤሲኢ2 የሚባል ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው፤ እነ ኢናላፕሪል ይህን ፕሮቲን ያበዙ ይሆን የሚል ስጋት በ2020 እ.ኤ.አ. ተነሥቶ ነበር። ብራዚል ውስጥ ሆስፒታል በተኙ 659 ሕሙማን ላይ ሲሞከር ግን፣ የቀጠሉትም ያቋረጡትም በ30 ቀን ውስጥ በሕይወት ሆነው ከሆስፒታል ውጭ ባሳለፉት ቀናት አልተለያዩም። የሚያሰጋው ግፊቱ ነው፤ ለዓመታት ልብና ኩላሊትን ካደከመ፣ ትኩሳትና የኦክስጅን እጥረት ሲጨመርበት የመቋቋም አቅም ያንሳል።

ትውከት ወይም ተቅማጥ ከበረታባት ግን ነገሩ ይለወጣል። ሰውነት ፈሳሽ ሲያጣ ኢናላፕሪል ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ለጥቂት ቀናት ይቋረጥ እንደሆነ በዕለቱ ሐኪሟን ጠይቁ።

ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ ስለሚያስቀሩ ግፊት ይጨምራሉ። ፓራሲታሞሉም የሚዋጠው ይሁን፤ ውኃ ውስጥ እየፈላ የሚሟሟው ብዙ ሶዲየም አለው።

ጠዋትና ማታ ግፊቷን ለኩላት፦ 5 ደቂቃ ጀርባዋን አስደግፋ ትቀመጥ፣ ክንዷ በልቧ ትክክል ይረፍ፣ መለኪያው በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ይታሰር። ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት ወይም ንግግሯ ከተዘበራረቀ፣ የግፊቱ ቁጥር ደህና ቢሆን እንኳ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዷት።