ሆስታውን ከብርድ አታድኚው

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት እህት ጽፋልኛለች። ከጓሮዋ ትልቅ የሜፕል ዛፍ ሥር ሦስት ሆስታ ነበራት፤ ሆስታ ለቅጠሉ ተብሎ ጥላ ላይ የሚተከል አበባ ነው። በሰመር ቅጠሉ ተበሳሳ፣ ጠርዙም ቡናማ ሆነ። ኖቬምበር ላይ ሁሉም መሬት ላይ ተኛ። ሁለቱን ትታ አንዱን ግን አዝናለት ነቅላ በፖት ሳሎን አስገባችው። አሁን ማርች ገብቷል፤ ውጭ ያለው ቦታ ባዶ አፈር ነው፣ የሳሎኑ ሁለት የገረጡ ቅጠሎች አውጥቶ ማደግ አቁሟል። «ልጣላቸው ወይስ ተስፋ አላቸው?» ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ ምንም እንዳትጥይ። ሆስታ የጃፓን፣ የኮሪያና የቻይና ተክል ነው፣ ብርድ አዲሱ አይደለም። ውርጭ ሲመታው ቅጠሉን ጥሎ ከአፈር በታች ይተኛል፤ ይሄ እንቅልፍ ደግሞ እውነተኛ ብርድ ይፈልጋል፣ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያህል ከ40 ፋራናይት በታች። ሳሎንሽ ውስጥ ሂተሩ 70 ላይ ሆኖ እንዴት ብሎ ይተኛ? እነዚያ ሁለት ቅጠሎች ጤና እንዳይመስሉሽ፣ ሥሩ ውስጥ ያጠራቀመውን ስንቅ እየጨረሰ ነው።

እሱን ቀስ ብለሽ አስወጪው። ቀን ከ50 ፋራናይት በላይ ሲሆን ውጭ ጥላ ላይ ይዋል፣ ማታ ውርጭ ካለ ጋራዥ ይደር። ኤፕሪል አጋማሽ ካለፈ በኋላ መሬት ትከይው። ዘንድሮ ቢያንስ አትፍረጂበት፤ የሚመጣውን ዊንተር ውጭ ካሳለፈ በኋላ ይሻለዋል። ፖት ውስጥ ይቆይ ካልሽም ዊንተሩን ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ ወይም ከጣራ ክፈፍ ሥር አኑሪው፣ ምክንያቱም ፖት ውስጥ ያለ ሆስታን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን የተኛ ውሃ ነው፤ አናቱን፣ ማለትም ቡቃያው የሚወጣበትን የሥሩን ጫፍ፣ ያበሰብሰዋል።

የውጭዎቹን ደግሞ እስቲ አሁን ውጪና በጣትሽ አፈሩን ቀስ ብለሽ ግለጪው። ጫፉ የሾለ፣ ወይን ጠጅ ወይም ነጣ ያለ አረንጓዴ ቡቃያ ታገኛለሽ። ስትነኪው ጠንከር ካለ በሕይወት አለ፣ መልሰሽ ሸፍኚው። ለስላሳና የሚሸት ከሆነ በስብሷል። ቡቃያም ሥርም ጠፍቶ ጉድጓድ ብቻ ካገኘሽ የሜዳ አይጥ ነው የበላው፤ ወፍራም መልች (አፈር ላይ የሚነሰነስ የእንጨት ቅርፊት) ሥር ሆኖ ሥሩን ይጨርሰዋል፣ ስለዚህ መልቹ ከሁለት ኢንች አይብለጥ፣ አናቱንም አይንካ። በእናንተ ሰፈር ቡቃያው ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል ብቅ ይላል። ወጥቶ ውርጭ ይመጣል ከተባለ ማታ በአሮጌ አንሶላ ሸፍኚውና ጠዋት አንሺለት። ፕላስቲክ ቅጠሉ ላይ አይሁን።

ቅጠሉን የበሳሳው ስላግ ይመስለኛል፣ ያ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ። ለማረጋገጥ ከመሸ በኋላ ባትሪ ይዘሽ ውጪና የቅጠሉን ጀርባ ገልብጪ። ጠዋትም ብር የመሰለ የደረቀ ልጋግ ይታይሻል። ጨው እንዳትነሰንሺ! ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ግን አፈሩንም ተክሉንም ይጎዳል። አይረን ፎስፌት ያለበት መድኃኒት ገዝተሽ ቡቃያው ብቅ ሲል ጀምሮ ሳሳ አድርገሽ በትኚ። ሜታልዴሃይድ የሚባለውን ሌላውን የስላግ መርዝ ግን ውሻ ወይም ሕፃን ያለበት ቤት አላስገባም። ቅጠሉ ሳይበሳ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ አገዳው ብቻ ከቀረ ደግሞ ስላግ አይደለም፣ አጋዘን ነው። ለእሱ መርጫ አለ፤ ዝናብ በመታ ቁጥር እየደገምሽ መርጨት አለብሽ፣ ያሰለቻል።

የጠርዙ ቡናማነት የውሃ ነገር ነው። ሜፕል ሥሩ ከላይ ስለሚሄድ ሆስታው ሊጠጣ የነበረውን ይቀድመዋል። ዝናብ በሌለበት ሳምንት አንድ ኢንች ውሃ ስጪው፤ ባዶ የቱና ቆርቆሮ ሥሩ አስቀምጪና አንድ ኢንች ሲሞላ ውሃውን ዝጊ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመርጨት በሳምንት አንዴ ሁለቴ አጥግበሽ ማጠጣት ይሻላል። ጠዋት ይሁን፣ ምክንያቱም ማታ ያረጠብሽው ጓሮ ለስላግ ግብዣ ነው። የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነም ቦታ ቀይሪለት፣ በተለይ ቅጠሉ ሰማያዊ የሆነውን ዓይነት።

ማዳበሪያ ኤፕሪል ላይ አንድ እፍኝ 10-10-10 (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሺየም እኩል ያለበት) ዙሪያውን ይበቃዋል፣ ከጁላይ በኋላ አትጨምሪ። ኖቬምበር ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲወድቅ ሰብስበሽ በቆሻሻ ከረጢት አውጪው፤ ስላግ እንቁላሉን እዚያ ሥር ይጥላል። አረንጓዴ ሳለ ግን አትቁረጪው፣ ለዊንተሩ ስንቅ እያስገባ ነው።

እና ከጓደኛ ጓሮ ቆርሰሽ ስትወስጂ መጀመሪያ ቅጠሉን ተመልከቺ። ቀለሙ ጅማቱን ተከትሎ እንደፈሰሰ ቀለም ዝብርቅርቅ ካለ «ሆስታ ቫይረስ ኤክስ» ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የለውም፣ ነቅሎ መጣል ብቻ ነው፤ በቢላው ላይ በቀረ ጭማቂም ወደ ሌላው ይተላለፋል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄጂ ቢላውን በደንብ እጠቢ።