ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ፦ ስለ ዋሽንግተን ዲሲ የኃይል ቁጠባ ሪቤት የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዋሽንግተን ዲሲ ምግብ ቤት፣ እንጀራ መጋገሪያ፣ ግሮሰሪና ሌላም አነስተኛ ንግድ ያላችሁ አንባቢያን፣ ከተማው ለኃይል ቁጠባ ስለሚሰጠው የገንዘብ ማበረታቻ የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል። ሪቤት እያልን የምንጠራው ይህ ገንዘብ ለወገኖቻችን ድርጅቶች ሊደርስ ሲችል ሳይደርስ መቅረቱ ስለሚያሳስበኝ፣ ከጥያቄዎቹ ስድስቱን መርጬ መልሻለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በዩ ጎዳና አቅራቢያ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። ከተማው ለማቀዝቀዣና ለመብራት መቀየሪያ ገንዘብ ይሰጣል ሲባል ሰምቻለሁ። ነገር ግን በኋላ መልሺ እንዳልባል፣ ወይም እርዳታ ተቀባይ ተብዬ በመኖሪያ ወረቀት ጉዳዬ ላይ ችግር እንዳያመጣብኝ እሰጋለሁ።

መልስ፦ ስጋትዎ ይገባኛል፤ ገንዘቡ ግን ከሰማይ የወረደ ሳይሆን እርስዎ ራስዎ በየወሩ ሲከፍሉት የቆዩት ነው። የመብራት ድርጅቱን የፔፕኮን ቢል አውጥተው ዝርዝሩን ቢያነቡ፣ «ሰስቴነብል ኢነርጂ ትረስት ፈንድ» የሚል መስመር ያገኛሉ። በተጠቀሙት ኪሎዋት ሰዓት ልክ የሚታሰብ አነስተኛ ክፍያ ሲሆን በጋዝ ተጠቃሚዎችም ላይ ተመሳሳይ ክፍያ አለ። የከተማው ምክር ቤት በ2008 ባወጣው ሕግ መሠረት ይህ ገንዘብ በአንድ ፈንድ ይሰበሰብና የኃይል ብክነትን ለመቀነስ ይውላል። ሥራውን የሚያካሂደው ዲሲ ሰስቴነብል ኢነርጂ ዩቲሊቲ፣ በአጭሩ ዲሲኤስኢዩ የሚባለው ተቋም ነው፤ ከ2011 ጀምሮ በከተማው የኃይልና የአካባቢ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪነት በኮንትራት ይሠራል። ስሙ ዩቲሊቲ ቢሆንም መብራት አይሸጥም፣ ቢልም አይልክም።

ሪቤት ብድር አይደለም፤ ውሉን ካከበሩ አይመለስም። የገቢ ማነስን መሠረት አድርጎ ለቤተሰብ የሚሰጥ ድጎማም አይደለም። አንድ የንግድ ደንበኛ ኃይል የሚቆጥብ ዕቃ ሲገዛ ከዋጋው የተወሰነው ይመለስለታል፤ ከአምስት ኮከብ ሆቴል እስከ መንገድ ዳር ሱቅ ድረስ የሚጠይቀው በዚሁ መንገድ ነው። በብድር መልክ ገንዘብ የሚያቀርበው ሌላ ተቋም፣ ማለትም ዲሲ ግሪን ባንክ ስለሆነ ሁለቱን እንዳያምታቱ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ እንዲህ ያለውን ገንዘብ ከገቢ ግብር ነጻ የሚያደርገው የፌዴራል ድንጋጌ የሚመለከተው መኖሪያ ቤቶችን ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱን ለሒሳብ ሠራተኛዎ ያሳዩና በመዝገብ እንዴት እንደሚያዝ ይወስኑ።

ጥያቄ፦ ከሦስት ወር በፊት የግሮሰሪዬን ሁለት ማቀዝቀዣዎች በአዲስ ቀይሬያለሁ። አሁን ሪቤት ብጠይቅ ይሰጠኛል?

መልስ፦ ሊሰጥዎትም ላይሰጥዎትም ይችላል፤ ይህን ለመናገር የምገደደው ቅደም ተከተሉ ስለተዛባ ነው። የሪቤታቸው መጠን አስቀድሞ የተቆረጠላቸው መደበኛ ዕቃዎች አሉ፤ በዲሲኤስኢዩ ዝርዝር ላይ የሞዴል ቁጥራቸው ከተገኘና የማመልከቻው ጊዜ ካላለፈ ከግዢ በኋላም ሊጠየቅባቸው ይቻላል። በዝርዝሩ ላይ ላልተካተቱና ለትላልቅ ሥራዎች ግን ፈቃዱ የሚገኘው ከግዢው በፊት ነው። ምክንያቱም ተቋሙ የሚከፍለው ያለ እሱ እርዳታ ለማይመጣ ለውጥ ነው፤ ዕቃው ገብቶ ሥራ ከጀመረ በኋላ ያለ ሪቤቱ አልገዛም ነበር ብሎ ማስረዳት ይከብዳል። የቀድሞው ዕቃ ስንት ኃይል ይወስድ እንደነበርም የሚለካው አሮጌው ሳይነቀል ነው።

አሁኑኑ የግዢውን ኢንቮይስ ይዘው ዲሲኤስኢዩ ይደውሉ። ኢንቮይሱ «ሁለት ፍሪጅ» ብቻ የሚል ከሆነ አያገለግልም፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ሞዴል ቁጥር፣ ዋጋና የተገዛበት ቀን ተለይቶ መጻፍ ስላለበት ሻጩን እንደገና እንዲያዘጋጅልዎ ይጠይቁት። ከዚህ ጋር የተከፈለበትን ማስረጃ፣ በድርጅቱ ስም የመጣ የቅርብ ጊዜ የመብራት ቢልና ደብልዩ-9 የተባለውን የግብር ቅጽ ያዘጋጁ። በቅጹና በቢሉ ላይ ያለው የድርጅት ስም አንድ ካልሆነ፣ ለምሳሌ ቢሉ በቀድሞው ባለሱቅ ስም እንደቀጠለ ከሆነ፣ ጉዳዩ እዚያው ላይ ይቆማል፤ ይህን አስቀድመው ያስተካክሉ። ሌሎቻችሁ ደግሞ አሮጌው ማቀዝቀዣ ከመውጣቱ በፊት ከጎኑ ወይም ከጀርባው የተለጠፈውን የሞዴል ሰሌዳ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የከተማው የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ስለሚጀምርና የሪቤቱ መጠንም ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ፣ ጓደኛችሁ ባለፈው ዓመት ባገኘው ሒሳብ አትመሩ።

ጥያቄ፦ በሰሜን ምሥራቅ ዲሲ እንጀራ እየጋገርን ለሱቆች እናከፋፍላለን። አሥር የኤሌክትሪክ ምጣዶች አሉን፤ የመብራት ቢላችን ከኪራዩ ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። ለምጣድ ሪቤት አለ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በደስታ ነው የተቀበልኩት፤ ምክንያቱም በብዙ መጋገሪያዎቻችን ትልቁ የኃይል ፍጆታ እዚህ ላይ ስለሆነ። ለንግድ ወጥ ቤት የሚሰጡ መደበኛ ሪቤቶች በአብዛኛው የሚከተሉት ኢነርጂ ስታር የተባለውን የፌዴራል ደረጃ ነው፤ በእሱ ውስጥ ምድጃ፣ መጥበሻ፣ የእንፋሎት ማብሰያ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ የበረዶ መሥሪያና ማቀዝቀዣ ይገኛሉ፤ የእንጀራ ምጣድ የሚባል ክፍል ግን የለም። ስለዚህ በመደበኛው መስመር ከሄዱ «የለም» ይባላሉ። የእርስዎ መንገድ ለየት ላለ ሥራ የተዘጋጀው ማመልከቻ ነው፤ በእሱ የሚታየው የዕቃው ስም ሳይሆን ከለውጡ በፊትና በኋላ የተለካው የኃይል ልዩነት ነው። ምጣድ ምን እንደሆነ ለማያውቅ መሐንዲስ ማስረዳት ስለሚኖርብዎ፣ በቀን ስንት እንጀራ እንደሚጋገር፣ ምጣዶቹ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩና እያንዳንዱ ስንት ዋት እንደሚወስድ በአንድ ገጽ ጽፈው ያቅርቡ።

ቢልዎ ለምን እንደናረ ለማወቅ ግን ሌላ ነገር ማየት አለብዎ። አገር ቤት የምናውቀው ዓይነት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይወስዳል። የእናንተም እንደዚያው ከሆኑ፣ ሌሊት ሠራተኞቹ ገብተው አሥሩንም አንድ ላይ ሲያበሩ ቆጣሪው 35 ኪሎዋት ይመዘግባል። በአንዳንድ የንግድ ታሪፎች ደንበኛው የሚከፍለው በወሩ ለተጠቀመበት ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ሳይሆን፣ በወሩ ውስጥ በአጭር ጊዜ ለደረሰበት ከፍተኛ ጭነትም ጭምር ነው፤ ዲማንድ ቻርጅ የሚባለው ይህ ነው። ቢልዎ ላይ «ኪሎዋት» ብቻውን፣ «ሰዓት» ሳይጨመርበት የተጻፈበት ክፍያ ካለ እርስዎንም ይመለከትዎታል ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ምጣዶቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ በየተራ ማሞቅ አንድ ሳንቲም ሳያስወጣ ጭነቱን ሊያቃልልልዎ ይችላል።

ሁለተኛው ከምጣዱ ሥር የሚባክነው ሙቀት ነው። ሽቦው ከሸክላው ሥር ስለሚዘረጋ ሙቀቱ ወደ ሊጡ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ይሄዳል፤ ከሥሩ ያለው ጀሶ ወይም ሌላ ሙቀት ከላካይ ነገር ከሳሳ ወይም ከተሰነጠቀ ወለሉን ነው የምናሞቀው። እጅዎን ከምጣዱ ሆድ በታች ጥቂት ራቅ አድርገው ቢይዙት ልዩነቱ ይታወቅዎታል። ጥገናውን ግን በራስዎ አይሞክሩት፤ የደኅንነት ምልክት ያለው ዕቃ ፈቃድ በሌለው ሰው ከተከፈተ እሳት ቢነሳ ከኢንሹራንስም ከከተማው ተቆጣጣሪም ጋር የሚያጣላ ጉዳይ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሾው አካባቢ የተከራየሁት ሱቅ መብራቱ ሁሉ አሮጌ ነው። አከራዩ «ቢሉን የምትከፍለው አንተ ነህ፣ እኔ ምን አገባኝ» ይላል። እኔ ደግሞ የሰው ሕንጻ ላይ ገንዘቤን ማፍሰስ አልፈልግም።

መልስ፦ ቆጣሪው በስምዎ ከሆነ ማመልከት የሚችሉት እርስዎ ነዎት፤ ከግድግዳና ከጣሪያ ጋር ለተያያዘ ለውጥ ግን የአከራይዎ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። ገንዘብ ከማፍሰስዎ በፊት በውሉ ላይ የቀረዎትን ዘመን ይቁጠሩ። ለምሳሌ 32 ዋት የሚወስዱ 40 ረጃጅም የፍሎረሰንት መብራቶች በ15 ዋት ኤልኢዲ ቢተኩ፣ በቀን 14 ሰዓት፣ በዓመት 360 ቀን ለሚሠራ ሱቅ 3,400 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይቀንሳል። አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 15 ሳንቲም ቢታሰብ በዓመት ከ500 ዶላር በላይ ነው። ውልዎ ሦስት ዓመት ከቀረው ሥራው ራሱን ይመልሳል፤ ስድስት ወር ከሆነ ግን መጀመሪያ ውሉን ያሳድሱ፣ በእድሳቱም ላይ ጉዳዩን ያንሱት። ሱቁ ያለው በትልቅ ሕንጻ ሥር ከሆነ ደግሞ አከራዩ «አያገባኝም» ሊል አይችልም፤ ከተማው በ2018 ባወጣው ሕግ፣ ከ50,000 ስኩዌር ፊት ጀምሮ ያሉ የግል ሕንጻዎች የኃይል አጠቃቀማቸውን ከተወሰነ ደረጃ እንዲያደርሱ፣ ካላደረሱም እንዲቀጡ ተደንግጓል። የእርስዎ ሱቅ የሚቆጥበው ለእሱም ይቆጠርለታል። ይህን በትሕትና፣ ግን በጽሑፍ ያስታውሱት።

ጥያቄ፦ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው ሱቄ ገብቶ «የመንግሥት ሪቤት ደርሶሃል፣ ቢልህን አሳየኝ» አለኝ። አሳየሁት፣ ፎቶም አነሳው። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ በጣም እፈራለሁ። በዲሲ ደንበኛ የኤሌክትሪክ አቅራቢውን መምረጥ ስለሚፈቀድለት በየሱቁ የሚዞሩ ሻጮች አሉ፤ በሕግ የሚሠሩ አሉ፣ የፔፕኮ ወይም የከተማው ሰው መስለው የሚቀርቡም አሉ። እነዚህ የሚፈልጉት በቢሉ ላይ ያለውን የደንበኛ ቁጥር ነው፤ በእሱ አማካይነት እርስዎ ሳያውቁት ወደ ሌላ አቅራቢ ሊያዛውሩዎት ይችላሉ፤ መጀመሪያ ርካሽ የነበረው ዋጋም ከወራት በኋላ ይወጣል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አንዲት ባለሱቅ እህታችንን ቢሏን ላግዛት ስቀመጥ፣ ሰምታው የማታውቀው አቅራቢ ስም ተጽፎበት አገኘን፤ ለሰባት ወር ስትከፍል ቆይታለች፣ አንድም ቀን ሁለተኛውን ገጽ ገልጣ አላየችም ነበር።

እውነተኛው ሪቤት አቅራቢ ቀይር አይልም፣ አስቀድመህ ክፈልም አይልም። ዛሬውኑ ፔፕኮ ደውለው አቅራቢዬ ማን ነው ብለው ይጠይቁ፤ ተቀይሮ ከሆነ ለዲሲ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን አቤቱታ ያቅርቡ። የመብራትና የጋዝ ተጠቃሚዎች ጠበቃ የሆነ የከተማው መሥሪያ ቤት፣ ኦፊስ ኦፍ ዘ ፒፕልስ ካውንስል የሚባለውም አለ። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎ አይተዉት፤ በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለባቸው፤ አማርኛም ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስልኩ ሲነሳ «አማሪክ» ማለት ይበቃል። ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ማስተርጎም አይጠበቅብዎትም።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ አለኝ፤ ሪቤቱ እኔን ይመለከታል? ደግሞስ እጄ ላይ ብዙ ገንዘብ ስለሌለ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ የዲሲው አይመለከትዎትም። ሜሪላንድ ግን በ2008 ያወጣችው ኤምፓወር ሜሪላንድ የተባለ ሕግ ስላላት የንግድ ሪቤቱን በራሱ በመብራት ድርጅትዎ በኩል ይጠይቃሉ። ቢሉ ከፔፕኮ ቢመጣም ፕሮግራሙ የተለየ ስለሆነ፣ ሲደውሉ አድራሻዎ ሜሪላንድ መሆኑን አስቀድመው ይናገሩ።

መጀመር ያለብዎ ቀንና ሌሊት ከማይጠፋው ዕቃ፣ ከማቀዝቀዣው ነው። ዎክ ኢን ኩለር፣ ማለትም ሰው የሚገባበት ትልቅ ማቀዝቀዣ ካለዎት በበሩ ላይ የሚንጠለጠለው የፕላስቲክ መጋረጃ ተቆርጦ እንደሆነ ይዩ፤ ብዙ ጊዜ ዕቃ ሲያስገቡ ያውካል ተብሎ ይነሳና ሳይመለስ ይቀራል። ከጀርባ ያለው የሙቀት ማስወገጃ ጥቅል በአቧራና በዘይት ተሸፍኖ ከሆነ ያጽዱት ወይም ያስጸዱት። ከዚያ አንድ ዶላር ወስደው ግማሹ ውጭ እንዲሆን በበሩ ጎማና በማዕቀፉ መካከል አድርገው በሩን ይዝጉና ይሳቡት፤ ይህንኑ ከላይ፣ ከታችና ከማጠፊያው በኩል ይድገሙት። ዶላሩ ጠበቅ ብሎ ከወጣ ጎማው ደህና ነው። እንደ ቅቤ ሸርተት ብሎ ከወጣ ግን ያ ቦታ ቅዝቃዜ ይወጣበታል፤ የጎማው መለወጫም ከአዲስ ማቀዝቀዣ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።