ሲቲው «አጥንቱ ደህና ነው» ብሎ ሕመሙ ግን ካልቆመ

እህቴ፣ መጀመሪያ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የ70 ዓመት አዛውንት ናቸው፣ ስኳር አለባቸው፣ ጠብታ ሲያደርጉ ከርመው ጆሯቸው አልሻል ብሏል። ሲቲ ስካን (የውስጥ አካልን በጨረር የሚያሳይ ምስል) ተነስተው «አጥንቱ ደህና ነው» ተብለዋል። አንቺ ደግሞ «እንግዲህ ቀላል ነው ብለን እንተወው? ለጆሮ ሕመምስ ሲቲ ምን አስፈለገ?» ብለሻል። ሐኪም አይደለሁም። ግን እናቴን ከጆሮ ወደ አጥንት በሚገባ ኢንፌክሽን ታማ አስታምሜያለሁና ያየሁትንና ከሐኪሞቿ የተማርኩትን ልንገርሽ።

መልሴን አስቀድሜ ልበል፤ እንዳትተዉት። አባትሽን ሕመሙ አሁንም ሌሊት የሚያስነሳቸው ከሆነ የሲቲው ንጹህ መሆን ነገሩን አይዘጋውም።

ለተራ የውጭ ጆሮ ኢንፌክሽን ሲቲ አያስፈልግም። ውሃ ገብቶበት ወይም በጥጥ ተጎርጉሮ የቆሰለ ጆሮ፣ ሐኪሙ አይቶት፣ ጠርጎት፣ ጠብታ አዝዞለት ብዙውን ጊዜ በሳምንት በአሥር ቀን ይድናል። ሲቲ የሚታዘዘው ኢንፌክሽኑ ከቆዳው አልፎ አጥንት ውስጥ ገብቷል ተብሎ ሲጠረጠር ነው። ይህ በአብዛኛው የሚይዘው ስኳር ያለባቸውን አዛውንቶችና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎችን ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ አልፎ አልፎ ፈንገስም ይሆናል። በጆሮ ቀዳዳው ልም አጥንት ላይ ባሉ የተፈጥሮ ስንጥቆች ሾልኮ ወደ ራስ ቅል ሥር ይወርዳል። ቻንድለር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1968 ዘርዝሮ ሲጽፍበት ብዙ ሰው የሚገድል በሽታ ነበር። ዛሬ በጊዜ ከተያዘ ብዙውን ጊዜ ይድናል። በጊዜ የሚለው ላይ ነው ጉዳዩ ሁሉ።

እናቴ ትኩሳት አልነበራትም። ይህን በደንብ ያዢው፤ በዚህ በሽታ ትኩሳት አለመኖሩ የተለመደ ነው። የነበራት ጥዝጣዜ ነው። ቀን ትንሽ ፋታ ይሰጣታል፤ ሲመሽ ይነሳል። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ መንጋጋዋን በመዳፏ ደግፋ ታነጋለች። ማኘክ ያማታል። ማስታገሻው ምንም አይፈይድላትም። ከአንገት በላይ ሐኪሟ በማጉያ ሲያዩት ልም አጥንቱ ከጠንካራው አጥንት ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ በቀዳዳው ታችኛ በኩል፣ ትንሽ ቀይ የሥጋ እድገት አገኙ። ሲቲ ያዘዙት ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ሲቲ ልክ እንደ አባትሽ ነበር። የጆሮው ቀዳዳ አብጧል፣ አጥንቱ ግን ደህና ነው አለ። ቤተሰቡ ሁሉ «ተመስገን» አለ። ሐኪሟ ግን አልተቀበሉትም። «አጥንቱ ገና አልተበላም ማለት እንጂ ተርፏል ማለት አይደለም» አሉን። ምክንያቱን ሲያስረዱን፣ አጥንት ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ማዕድኑን እስኪያጣ ድረስ ጉዳቱ በሲቲ ላይ በግልጽ አይታይም። ስለዚህ ሲቲ «አጥንት ተበልቷል» ካለ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ «አልተበላም» ካለ ግን ገና መጀመሪያው ላይ ሊሆን ይችላል።

አሁን ሪፖርቱን አውጥተሽ አንብቢልኝ። የተነሱት ምንድን ነው? ተራ የጭንቅላት ሲቲ ከሆነ ለዚህ ጉዳይ አይበቃም። የሚፈለገው የጆሮ አጥንት ሲቲ ነው፤ «ቴምፖራል ቦን» ይባላል፤ በጣም በስሱ፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት እየተቆራረጠ የሚነሳ። የማዘዣው ወረቀት ላይ ምን እንደተጠረጠረ መጻፉም ይጠቅማል። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱ፣ ስኳር ያለባቸው አዛውንት መሆናቸውን ካወቀ የመንጋጋውን መገጣጠሚያ፣ ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንትና የራስ ቅሉን ሥር አተኩሮ ያያል። «የጆሮ ሕመም» ብቻ ተጽፎ ከተላከለት ግን ምን ይፈልግ?

አጥንትን ብቻ ለማየት በደም ሥር የሚሰጠው ኮንትራስት (ምስሉን የሚያደምቅ ፈሳሽ) የግድ አይደለም። መግል መቋጠሩን ወይም ሥጋው ምን ያህል እንደተጎዳ ለማየት ሲፈለግ ግን ይሰጣል። ያኔ የኩላሊት ምርመራ ይቅደም፤ አባትሽ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ቀድማችሁ ተናገሩ። የጨረሩ ነገር ለሚያሳስባችሁ፣ የአንድ ጭንቅላት ሲቲ ጨረር ሰው ከተፈጥሮ በአንድ ዓመት ገደማ ከሚያገኘው ጋር የተቀራረበ ነው። በዚህ ዕድሜና በዚህ ጥርጣሬ እሱን ፈርቶ ምርመራ መተው ልክ አይመስለኝም።

ሲቲው ንጹህ ሆኖ ጥርጣሬው ካለ ቀጣዩ ኤምአርአይ ነው፤ በማግኔት የሚነሳው ምስል። የአጥንቱን መቅኔና ከራስ ቅሉ ሥር ያለውን ሥጋ ከሲቲ በተሻለ ያሳያል። የእናቴም ነገር በእሱ ነው የተገለጠው። ከምስሉ ጎን ለጎን ከጆሮዋ ናሙና ተወስዶ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት ታየ። ከዚያች ቀይ ሥጋም ተቆርጦ ተመረመረ፤ ካንሰርም ይህንኑ መስሎ ሊመጣ ይችላልና። በዚህ ምክንያት እለምንሻለሁ፣ ናሙና ሳይሰጡ በግምት ሲፕሮ የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እየገዛችሁ አትስጧቸው። ባክቴሪያውን ይደብቀዋል፤ ከመድኃኒቱም ጋር ያለማምደዋል።

ሕክምናው ረጅም ነው። ስድስት ሳምንት ትንሹ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያልፋል። ስኳሩ ካልተስተካከለ ደግሞ መድኃኒቱ ብቻውን አይገፋውም። የእናቴ ሕክምና በመሃል ላይ እያለ ሲቲ በድጋሚ ተነሳች። ራዲዮሎጂስቱ ስክሪኑ ላይ አሳየኝ። በጤነኛው ጆሮ በኩል የአጥንቱ ጠርዝ ነጭ፣ ቀጥ ያለ መስመር ነው። በታመመው በኩል ብል እንደበላው ጨርቅ ተበሳስቷል። እሷ ግን ሕመሙ ቀንሶላት ሌሊቱን መተኛት ጀምራ ነበር! ይህም ያጋጥማልና እንዳያስደነግጣችሁ። አጥንት ቀስ ብሎ ነው የሚጠገን፤ ኢንፌክሽኑ እየጠፋም ሲቲው ላይ ቀዳዳው ለወራት ሊታይ ይችላል። መድኃኒቱ መቼ ይቁም የሚለው በሲቲ ብቻ አይወሰንም። የእኛ ሐኪም የሚያዩት ሕመሟን፣ ጆሮዋን፣ በደም የሚሠሩትን የብግነት መለኪያዎች ኢኤስአርና ሲአርፒ፣ ስኳሯንም ነበር። ሕመሙ ጠፋ ብሎ መድኃኒት ራስ በራስ ማቆም ግን በሽታውን መልሶ መጥራት ነው።

የአባትሽ ፊት በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ ዓይናቸው አልከደን ካለ፣ ድምፃቸው ከጎረነነ፣ ሲውጡ ትን ካላቸው፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም መቀባዠር ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። ነርቮቹ ወይም አንጎሉ እየተነካ ሊሆን ይችላል። ጆሯቸውንም በውሃ አትጠቡ፤ በጥጥም አትነካኩ።

ነገ ዛሬ ሳትዪ ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ጋ ውሰጃቸው። ስትሄዱ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን የሲቲውን ሲዲ ያዢ። ስፔሻሊስቱ ምስሉን ራሱ ማየት ይፈልጋል፤ በኋላ ሌላ ሲነሱም የሚያስተያዩት ከዚህኛው ጋር ነው። ሪፖርቱ ላይ «ቴምፖራል ቦን» የሚል ካላገኘሽ ደግሞ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ምን ብለሽ መጠየቅ እንዳለብሽ አብረን እናያለን።