መልስ፦ የአየርላንድ ወንድምና እኅት የቤተሰብ ስማቸው ለምን ይለያያል?

ወንድሙ «ኦ ብሪየን» እየተባለ እኅቱ «ኒ ቭሪየን» የምትባለው ለምን እንደሆነ ለጠየቁት፣ ስሙ አንድ ነው፤ የሚለያየው በአይሪሽ ቋንቋ ከፊቱ የሚገባው ቃል ነው። «ኦ» የልጅ ልጅ ወይም ዘር፣ «ማክ» ደግሞ ወንድ ልጅ ማለት በመሆኑ፣ ሴት ልጅ በ«ኦ» ፈንታ «ኒ»፣ በ«ማክ» ፈንታ «ኒክ» ትላለች፤ ከ«ኒ» በኋላ የስሙ መነሻ ድምፅ ስለሚላላም «ብ» ወደ «ቭ» ይለወጣል። አግብታ የባሏን ስም የወሰደችው ደግሞ «ኢ ቭሪየን» ትባላለች። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ ደፍጥጦ ሦስቱንም «ኦብራየን» ያደርጋቸዋል።

የዚህ ቤተሰብ ስም መነሻ እ.ኤ.አ. በ1014 በክሎንታርፍ ጦርነት የተገደለው ንጉሥ ብራየን ቦሩ ነው።

በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ብዙዎች «ኦ»ን ትተው፣ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከፊሎቹ ስለመለሱት፣ «ሱሊቫን» እና «ኦሱሊቫን» የአንድ ግንድ ዘሮች ሊሆኑ ይችላሉ። የዘር ሐረግ የሚፈልግን ሰው ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን የግል ስም አወጣጡ ይመስለኛል፤ በቀድሞው ልማድ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ የአባቱን አባት፣ ሁለተኛው የእናቱን አባት ስም ስለሚወርስ፣ የወንድማማቾች ልጆች በአንድ ደብር መዝገብ ውስጥ ፍጹም ተመሳሳይ ስም ይዘው ይገኛሉ።