የኦቶካድ ፋይል አደረጃጀት፦ ደሴ ቢሮ፣ ኮምቦልቻ ሳይት ላለው ጠያቂ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ፦ ደሴ ያለ ቢሮ ነው፤ አርክቴክት፣ ስትራክቸር፣ ኤሌክትሪክና ሳኒተሪ ሆነው አራት ባለሙያዎች አንድ ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ በኦቶካድ (በኮምፒውተር ድሮዊንግ መሥሪያ ፕሮግራም) በየላፕቶፓቸው ይሠራሉ፣ በፍላሽ ይቀባበላሉ። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» የሚሉ ፋይሎች ተከምረዋል። ኮምቦልቻ ያለው ሳይት ደግሞ የቆየ ድሮዊንግ ይዞ የኮለም ብረት አስሯል።

አብሽር፣ ይስተካከላል። መጀመሪያ ግን ዛሬውኑ ሳይት ደውልና ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የስትራክቸር መሐንዲሱ (ከዚህ በታች «ስትራክቸሩ» የምለው) የታሰረውን ብረት ከትክክለኛው ድሮዊንግ ጋር እንዲያመሳክር አድርግ። የፋይሉ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ፎልደር በማሳመር ብቻ ይህ ችግር አይፈታም። መያዝ ያለበት ነገር ይሄ ነው፦ የሚሠራበት ፋይል ምንጊዜም አንድ ይሁን፣ ከቢሮ የወጣው ደግሞ ፈጽሞ አይነካ። ለዚህ በፕሮጀክቱ ሥር አምስት ፎልደር ይበቃል፦ 00 የመጣ (የሰርቬይ፣ የአፈር ምርመራ፣ የባለቤቱ ሰነድ)፣ 01 በሥራ ላይ፣ 02 የጋራ፣ 03 የወጣ፣ 04 የተሻረ። በፈረንጅ 2018 የወጣው አይኤስኦ 19650 (የግንባታ መረጃ አያያዝ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ) የሚከተለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ«03» ውስጥ እያንዳንዱ ርክክብ የራሱ ፎልደር ይኑረው፤ ፒዲኤፉና በኢትራንስሚት (ፋይሉን ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ጋር በሚጠቀልለው የኦቶካድ ትእዛዝ) የተጠቀለለው ዲደብሊውጂ (የኦቶካድ ፋይል) አብረው ይቀመጡና «ሪድ ኦንሊ» (የሚነበብ እንጂ የማይለወጥ) ይደረጉ። ኢትራንስሚት ኤክስሬፉን (ከሌላ ፋይል በማገናኛ የሚጠራውን ድሮዊንግ)፣ የፕሎት ስታይሉን (የሕትመት የመስመር ውፍረትና ቀለም ቅንብር)፣ ሴቲንጉ ላይ ከተመረጠም ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ ከሁለት ዓመት በኋላም ሲከፈት ያው ሆኖ ይገኛል።

አሁን ብዙ ቢሮ የሚሳሳትበት ላይ ልምጣ። የሚሠራበት ፋይል ስም ላይ ሪቪዥንም (የማሻሻያ ቁጥር) ቀንም አትጻፉ። ስትራክቸሩ የአርክቴክቱን ፕላን በኤክስሬፍ አስገብቶ ከሆነ፣ አርክቴክቱ ስሙን «ሪቪዥን 2» ብሎ ሲቀይር ሁለት ነገር ይከተላል። ፋይሉን ሪኔም ካደረገው የስትራክቸሩ ድሮዊንግ «ኖት ፋውንድ» ይላል፤ ይሄ ይሻላል፣ ቢያንስ ይታያል። ሴቭ አዝ ካደረገው ግን አሮጌው እዚያው ስለሚቀር ስትራክቸሩ ምንም ሳያውቅ በአሮጌው ላይ መሥራቱን ይቀጥላል። ሳይታችሁ ላይ የደረሰው ዓይነት ስሕተት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል። ስለዚህ የፋይሉ ስም የፕሮጀክት ቁጥር፣ ዘርፍ፣ ወለልና ሺት (የድሮዊንግ ገጽ) ቁጥር ብቻ ይሁን፤ ለምሳሌ «014-ስትር-02-201»። ሪቪዥኑ ታይትል ብሎክ (የሺቱ ርዕስና መረጃ የሚጻፍበት ሠንጠረዥ) ላይና የሚወጣው ፒዲኤፍ ስም ላይ ይጻፋል። እኔ እዚህ በፊደላችን ጻፍኩት እንጂ እናንተ ስሙን በላቲን ፊደል አድርጉት፤ በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል ዚፕ ተደርጎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲፈታ አንዳንዴ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይመጣል።

ቀን የሚጻፍበት ቦታ ላይ አንድ የዘመን አቆጣጠር ብቻ ያዙ። «2017» ተብሎ የተጻፈ ፎልደር በኛ ይሁን በፈረንጅ ማንም ሊለየው አይችልም፤ ልዩነቱ ግን ሰባት ስምንት ዓመት ነው። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብላችሁ ብትጽፉት ፎልደሮቹ በራሳቸው በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። በኛ ከያዛችሁ የጳጉሜንን ወር ቁጥር 13 ብላችሁ ጻፉት፤ ኤክሴል ግን እንደ ቀን ስለማይቀበለው ዓምዱን «ቴክስት» አድርጉት።

ኤክስሬፍ ላይ፦ ግሪድ (የኮለሞቹን ቦታ የሚወስኑ መስመሮች)፣ ኮለምና ግድግዳ የያዘው መሠረታዊ ፋይል አንድ ባለቤት ይኑረው፤ አርክቴክቱ ይሁን። ሌሎቹ በ«ኦቨርሌይ» (ፋይሉ በሌላ ሲጠራ አብሮ በማይሄደው) ያስገቡት እንጂ በ«አታችመንት» (አብሮ በሚሄደው) አይሁን፤ አለዚያ አንዱ የሌላውን ሲጠራ ድሮዊንጉ ተደራርቦ ይመጣል። ፓዙ (የኤክስሬፉ አድራሻ) «ሪሌቲቭ» (ከሚጠራው ፋይል ቦታ አንጻር የሚቆጠር) ይሁን። በፍላሽ ስትቀባበሉ አንዱ ኮምፒውተር ላይ «ዲ» የነበረው ሌላው ላይ «ኢ» ይሆናል፤ «ፉል ፓዝ» (ከድራይቩ ፊደል የሚጀምረው ሙሉ አድራሻ) ያኔ ይበጠሳል። ሪሌቲቭ የሚሠራው ፋይሎቹ አንድ ድራይቭ ላይ ሲሆኑ መሆኑንም አትርሱ።

ሰርቬይ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደሴም ኮምቦልቻም ዩቲኤም (ቦታ በሜትር የሚለካበት የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ናቸው፤ ጥያቄው ዳተሙ (ልኬቱ የተመሠረተበት የምድር መነሻ) ነው። በአዲንዳን (በቆየው የኢትዮጵያ ካርታ ዳተም) የተለካውን ነጥብ ደብሊውጂኤስ 84 (የጂፒኤስ ዳተም) ነው ብላችሁ ከወሰዳችሁት በሰሜን አቅጣጫ 200 ሜትር ገደማ፣ በምሥራቅ ደግሞ ከ90 ሜትር በላይ ይስታል። ስለዚህ ዳተሙን የሰርቬዩ ፋይል ስም ላይ ጻፉት። የሰርቬዩን ፋይል ከቦታው አታንቀሳቅሱ፣ ሕንፃውንም በዚያ ኮኦርዲኔት ላይ አትሥሩ። እዚህ አካባቢ ኖርዚንጉ (ወደ ሰሜን የሚቆጠረው ኮኦርዲኔት) ከ1,200,000 ሜትር ይበልጣል፤ በሚሊሜትር ሲሆን ከ1.2 ቢሊዮን ያልፋል፤ ያኔ ሃች (የቦታ መሙያ ጭረት) ይበላሻል፣ ክብ መስመርም ይቆራረጣል። ሕንፃውን ግሪድ ኤና 1 የሚገናኙበትን ዜሮ ዜሮ አድርጋችሁ በሚሊሜትር ሥሩ፤ ሳይት ፕላኑ በሜትር ሆኖ ሕንፃውን በኤክስሬፍ ይጥራው። ሁለቱም ፋይል ላይ «ኢንስዩኒትስ» (የፋይሉ መለኪያ አሃድ) በትክክል ካልተሞላ ሕንፃው 1,000 ጊዜ ገዝፎ ይገባል።

መብራት እንደሚጠፋ አውቃችሁ ሥሩ። «ሴቭታይም» (ኦቶካድ በራሱ ሴቭ የሚያደርግበት ጊዜ) ፕሮግራሙ ሲጫን 10 ደቂቃ ነው፤ 5 አድርጉት። በድንገት ከጠፋ ቴምፕ (ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡበት) ፎልደር ውስጥ መጨረሻው «.sv$» የሆነውን ፋይል ፈልጉና መጨረሻውን ወደ ዲደብሊውጂ ቀይሩ። መጨረሻው ባክ (.bak) የሚለው ፋይል ከመጨረሻው ሴቭ በፊት የነበረው ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱን ባክአፕ ብላችሁ አትመኩበት። እውነተኛው ባክአፕ በየሳምንቱ ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ይገልበጥ፤ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ ይቀመጥ። ፋይል ፍላሽ ላይ እንዳለ ከፍታችሁ በጭራሽ አትሥሩ።

ከሰው የተገለበጠ ዲቴይል ስታስገቡ ፐርጅ (ያልተጠቀማችሁበትን ማጽዳት) እና ኦዲት (የፋይሉን ስሕተት መፈተሽ) አድርጉ። የአማርኛ ጽሑፍ በኤስኤችኤክስ (የኦቶካድ የራሱ) ፎንት አይነበብም፤ በኒያላ ወይም በሌላ ዩኒኮድ ፎንት ይሁን።

ለሳይት የሚላከው ፒዲኤፍ ነው፤ ቴሌግራም ይበቃዋል። ከእሱ ጋር የርክክብ መዝገብ ይኑር፦ ሺት ቁጥር፣ ርዕስ፣ ሪቪዥን፣ ቀን፣ ለማን፣ ስንት ኮፒ፣ ፊርማ። አዲስ ሪቪዥን ሲደርስ የሳይት መሐንዲሱ አሮጌውን ወረቀት ከፎርማኑም ከብረት ሠራተኛውም እጅ ይሰብስብ፣ «ተሽሯል» የሚል ማኅተም ይምታበት። ማኅተሙ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ብረት አሳሪው የሚያምነው እጁ ላይ ያለውን ወረቀት ነው።

የተከመሩትን «ፋይናሎች» ለመለየት አትድከሙ። ሁሉንም እንዳሉ «04» ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ሳይት ላይ ያለውን የታተመ ሺትና እያንዳንዱ ባለሙያ «ትክክለኛው ይሄ ነው» የሚለውን ፋይል አቅርቡ። ኦቶካድ 2019 እና ከዚያ ወዲህ ያለው ላይ «ዲደብሊውጂ ኮምፔር» አለ፤ ሁለት ፋይል አነባብሮ ልዩነቱን በቀለም ያሳያል። አራታችሁ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ሺት በሺት እዩት፤ የተስማማችሁበትን በአዲሱ ስም «01» ውስጥ አስቀምጡና ሪቪዥን 0 ብላችሁ ለሳይት እንደገና አውጡ።